ላባ ነሽ፣ እማዬ

እስቲ ቀረብ በሉ፤ ትልልቆቹም ጭምር። ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ እንደ እኛ ይሉኝታ በነበራቸው ዘመን፣ ስሙን በረሳሁት አገር፣ ስንዱ የምትባል ጭላዳ ዝንጀሮ ነበረች። ጭላዳ ቀን ሜዳ ላይ ሣር ሲግጥ ይውላል፤ ሲመሽ ገደል ወርዶ ያድራል። የስንዱ እናት ግን አርጅታ ጉልበቷ ከዳት። ስለዚህ ስንዱ ጠዋት አዝላ ታወጣታለች፣ ማታ አዝላ ታወርዳታለች።

እናትም ጀርባዋ ላይ ሆና ትጠይቃለች።

«ከበድኩሽ ወይ፣ ልጄ?»

«ኧረ እማዬ! ላባ ነሽ፤ ላባ!»

ስንዱ ጋሻው የሚባል ወንድም ነበራት። እሱ ደግሞ ልክ እናቱ የምትታዘልበት ሰዓት ሲደርስ ማነከስ ይጀምራል።

«እህት ዓለም፣ ይቺ እግሬ ባታስቸግረኝ እኮ…» ይላል። «ደግሞስ ላባ ናት አላልሽም? ላባ ለመሸከም ስንት ጀርባ ያስፈልጋል?»

ስንዱ በገዛ አፏ ታሰረች። ማታ ወገቧን እያሸች ታለቅሳለች፤ ጠዋት ግን «እናቷ ከበደቻት ይሉኛል» ብላ ስለምትፈራ ያንኑ ላባዋን ትደግማለች።

ከዕለታት አንድ ቀን ዝናብ ዘንቦ ድንጋዩ ያዳልጣል። ስንዱ እናቷን አዝላ ገደሉ አፋፍ ላይ ስትደርስ ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ። «ምነው እዚሁ ጥያት በሄድኩ» የሚል ሐሳብ ሽው አለባት። በራሷ ደነገጠች።

«ከበድኩሽ ወይ፣ ልጄ?»

«አዎ! ከበድሽኝ እማዬ! ወገቤ ተቆረጠ! እወድሻለሁ፣ ግን ሰለቸኝ!» አለችና ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

እርግማን ስትጠብቅ እናቷ ሳቀች።

«እፎይ! ተመስገን! ጉልበትሽ ሲንቀጠቀጥ ሆዴ ላይ ይሰማኝ የለም እንዴ? አንቺ ላባ ስትዪኝ እኔ ምን ብዬ ሌላ ልጥራ? በይ አውርጂኝና ያን አንካሳ ጥሪልኝ።»

ጋሻው እያነከሰ መጣ። እናቱ ዐይኗን አጨንቁራ ከኋላው ተመለከተች።

«ልጄ፣ እዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚወዛወዘው የነብር ጅራት ነው፣ ወይስ የእኔ ዐይን ነው?»

ጋሻው ዞር ብሎም አላየ። እናቴ፣ እህቴ ሳይል በአንድ ዝላይ የገደሉ ወገብ ላይ ተገኘ።

«ለካ ዐይኔ ኖሯል!» አለች እናቱ ቁልቁል እያየችው። «እግርህንስ ማን ፈወሰልህ?»

ለማደር ሊወርድ አፋፉ ላይ የተሰበሰበው መንጋ በሳቅ ፈረሰ። ጋሻው አቀርቅሮ ተመልሶ ወጣና ጀርባውን ሰጠ።

«ከበድኩህ ወይ፣ ልጄ?»

«ኧረ ከበድሽኝ እማዬ! ይቺ ልጅ እስከ ዛሬ እንዴት ቻለችሽ?»

ይህን የሰሙ ዘመዶችም ከማግስቱ ጀምሮ ተራ ገቡ።

ስንዱ በዚያ ምሽት ባዶ ጀርባዋን ይዛ ከጎናቸው ወረደች። እናቷን ስታዝል ፊቷን ደህና አድርጋ አይታው አታውቅም ነበር። አሁን ፊት ለፊት ተቀመጡ። እናትም እንደ ልጅነቷ ጊዜ ጠጉሯን እየፈለቀቀች ቅማሏን ትለቅምላት ጀመር፤ ስንዱ ደስ ብሏት እዚያው ጭኗ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

እኔም ተረቴን ከጫንቃዬ አወረድኩ፤ ተራው የእናንተ ነው። ከበደኝ ያለ አጋዥ ያገኛል፤ ላባ ነው ያለ ከነላባው ገደል ይገባል።