ለሹም ያልተነሳው አያ ስንሻው

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙ። እኔ ከአያቴ ሰማሁ፤ አያቴም ከሽማግሌዎች ሰማ። ዘመኑን አትጠይቁኝ፤ ሩቅ ነው።

በአገራችን በውርጭ አምባ አያ ስንሻው የሚሉት ድሃ ነበር። ሚስትም ልጅም የለውም። ያለው ቁራሽ መሬትና አንዲት ዶሮ ነው። አንድ ዓመት ውርጩ ከፋ። ገብሱን አቃጠለ፤ ዶሮዎቹም በየቆጡ ላይ ደርቀው አደሩ። ከቆላ ገበያ ዶሮ ቢያመጡ ሳይከርም ይሞታል፤ ብርዱን የሚችለው የአገሩ ዘር ብቻ ነው። ከዚያ ዘር የተረፈችው የአያ ስንሻው ዶሮ ናት። እሷም እንቁላል ታቅፋ ነበር።

አንድ ማለዳ ጥሬ ልትለቅም ወረደችና ሸለምጥማጥ በላት። እንቁላሎቹ ገና ይሞቃሉ። አያ ስንሻው ጭድ አነጠፈ፤ እንቁላሎቹን ሆዱ ሥር አቀፈ፤ ጋቢውን ደረበና ተቀመጠ።

ጎረቤቱ ወይዘሮ አንጓች ገባች። አልተነሳም። ነገሩን ስትሰማ ሳቀች። «ምነው አያ፣ ሚስት ብታጣ ዶሮ ሆንክ?» አለችው። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምራ ቆሎና ውሃ አመላለሰችለት።

ቄሱ ገቡ። አልተነሳም። «ቤተ ክርስቲያን የጠፋኸው ለዚህ ነው?» አሉት። «አባቴ፣ ከተነሳሁ ይሞታሉ» አላቸው። ጎንበስ ብለው መስቀል አሳለሙት፤ «ይፍታህ» ብለውት ወጡ።

በመጨረሻ ምስለኔው መጣ። ሰው ሁሉ ወጥቶ እጅ ነሳ፤ አያ ስንሻው የለም። ምስለኔው ተቆጥቶ ከነአጃቢው ቤቱ ገባ። በሩ ተከፍቶ ቀረ፤ ብርዱ ገባ።

«ለእኔ አትነሳም?»

«ጌታዬ፣ ዛሬስ አልነሳም።»

«ምን ደብቀህ ነው? ግለጠው።»

ቢገልጠው ይድን ነበር። ግን ከሆዱ ሥር ቅርፊት ሲሰነጠቅ ይሰማዋል፤ እርጥብ ጫጩት ደግሞ ውርጭ ካገኘው አለቀለት። «እንቁላል ነው ጌታዬ፤ በሩን ይዝጉልኝና እገልጣለሁ» አለ።

ምስለኔው ድሃ አዞኝ በር አልዘጋም አለ። ነገሩን የሚያውቁት ጎረቤቶችም ፈርተው አልመሰከሩለትም። መሬቱን እዚያው ነጥቆ ለአጃቢው ሰጠና ሄደ። ሲወጣም በሩን አልዘጋም፤ ወይዘሮ አንጓች ሮጣ ዘጋችው።

ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ፤ አድገው ረብተው በየቤቱ ገቡ። ዛሬ በውርጭ አምባ የሚጮኸው አውራ ዶሮ ሁሉ የእነሱ ዘር ነው። መሬቱ ግን አልተመለሰም። አያ ስንሻው የሰው ገብስ ሲያጭድ ኖሮ ሞተ። እኔን ይህ ያሳዝነኛል።

በሌላ አገር የተቀመጠው «ኖር» ብሎ ለገባው ይነሳል። እኛ ዘንድ እንዲህ አይደለም። ሹምም ይሁን ጳጳስ፣ የገባው ሰው አስቀድሞ በሩን ይዘጋል። ቀጥሎ «አይነሱ» ይላል። ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው።