ሞተሯ ወንድም ቤት የቀረባት ቮልስ

ዘቢደር የምትባል ሴት ከእህቷ ጋር ተኳርፋ ብዙ ቆየች። ልቧ እርቅ ቢፈልግም እግሯ እምቢ አላት። ስለዚህ ወደ ሰፈሩ ሽማግሌ ሄዳ፣ «አባባ፣ እኔም በድያለሁ፣ እሷም በድላኛለች። ማን ይቅደም?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌውም እንዲህ ሲሉ ነገሯት።

አንድ ባለመኪና ነበረ። ሲሞት ለሁለት ወንዶች ልጆቹ ሞተሯ ከኋላ የሆነችውን ድቡልቡል ቮልስ መኪናውን ትቶላቸው ሄደ። ታላቁ «የበኩር ልጅ እኔ ነኝ» አለ። ታናሹ «አባባ ሲታመም በእሷ ሐኪም ቤት ያመላለስኩት እኔ ነኝ» አለ። ሽማግሌ ገባ፤ አልሆነም። ታላቁ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ መኪናዋን ግቢው አቆማት። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ የኋላ ክዳኗ ተከፍቶ አገኘው፤ ሞተሩ የለም። ለካ ታናሹ ጓደኛውን ይዞ መጥቶ፣ ፈትቶ፣ በጋሪ ጭኖ ወስዶታል። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሞተር የሌላት መኪና፣ ሌላው መኪና የሌለው ሞተር ይዘው ተኳረፉ። የሚደግስ ዘመድ ሁሉ ሁለቱን የት የት እንደሚያስቀምጥ ይጨነቅ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ታላቁ አንድ ጠዋት በመኪናዋ መስኮት ቢያይ፣ በአባቱ መቀመጫ ላይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። ሳቁ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አፈረ። «አባባ ይህን ቢያይ ምን ይለኛል?» አለና ዶሮዋን ከነእንቁላሎቿ ወደ ቅርጫት አዛውሮ፣ መኪናዋን አስጎትቶ ጋራዥ አስገባት።

ጋራዡ የአንዲት ሴት ነበር። እሷና ሠራተኞቿ የበሰበሰውን ላሜራ ቆርጠው አዲስ በየዱ፣ ወንበሩን አለበሱ፣ ፍሬኑን አደሱ። ታላቁም ከሥራ ሲወጣ እየመጣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍግ ጀመር። ከዝገቱ ሥር የድሮው ሰማያዊ ቀለም ብቅ ባለ ቁጥር፣ በልጅነታቸው እሁድ እሁድ መኪናዋን ሲያጥቡ ከወንድሙ ጋር ውሃ የሚረጫጩት ትዝ ይለዋል። ያን ጊዜ እጁ ይቆማል፤ ከዚያ ደግሞ ይበልጥ ይፈገፍጋል።

ቀለሟ ደርቆ ስታበራ ባለጋራዧ መጣች። «የቀራት ሞተር ብቻ ነው። ገበያ ወጥቼ ያገኘሁት ሁሉ የማይረባ ነው» አለችው።

«ደህናው ወንድሜ ቤት አለ።»

«ታዲያ ሂድና አምጣዋ።»

«የወሰደው እሱ ነው፤ እሱ ያምጣው።»

«እንዳልክ። እኔ ግን ቦታዬን እፈልገዋለሁ፤ ዛሬ ውሰድልኝ።»

እሱ መሪ ያዘ፤ ሠራተኞቹ ከኋላ ገፉ። የመንገዱ ሰው እንደ ሙሽራ ያጌጠች መኪና በሰው ጉልበት ስትሄድ አይቶ ሳቀ፤ ታላቁም አብሮ ሳቀ። መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ደረሱ። በቀኝ ወደ እሱ ቤት ይወስዳል፣ በግራ ወደ ወንድሙ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ለወንድሙ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ ኖሯል፤ አሁን ግን አንዱም ቃል አልመጣለትም። መሪውን ወደ ግራ አዞረ።

«ጋሼ፣ ቤትዎ በዚያ በኩል አይደለም እንዴ?» አለው ከሚገፉት አንዱ።

«ነው። ዝም ብላችሁ ግፉ።»

ታናሹ በሩን ከፍቶ ቆመ። መኪናዋን አየ፤ ወንድሙን አየ። «ቀለሟን ያንኑ አደረግከው?» አለ።

«ያንኑ።»

ታናሹ ሄዶ ዕቃ ቤቱን ከፈተ። ሞተሩ ጣውላ ላይ ተቀምጦ ብርድ ልብስ ለብሷል። ሲገለጥ በዘይት ወዝቶ ያብረቀርቃል።

«ዝጎ እንዳይጣበቅ በየጊዜው በእጄ አዞረዋለሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ታዲያ ምነው ሳታመጣው?»

«ብታባርረኝስ ብዬ ነዋ።»

ታላቁ ዘይት የነካውን የወንድሙን እጅ ይዞ ወደ ራሱ ሳበው፤ ተቃቀፉ።

ባለጋራዧ ተጠርታ መጣችና ሞተሩ እዚያው ግቢ ውስጥ ተገጠመ። መጀመሪያ አሳለ፣ ቀጥሎ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ተነሣ። ጎረቤት ወጥቶ አጨበጨበ። ማን ይንዳ በሚል ክርክሩ እንደገና ሊነሣ ሲል ባለጋራዧ መሪውን ጨበጠችና ሁለቱንም ከኋላ አስቀመጠቻቸው። ከተማውን እየዞሩ እስኪመሽ ሳቁ።

ሽማግሌው ይህን ነግረው ሲያበቁ ወደ ዘቢደር ዞር አሉ። «ልጄ፣ ማን ይቅደም ብለሽኛል። ከሁለታችሁ ማን አብልጦ እንደበደለ አላውቅም፤ እነዚያ ወንድማማቾችም በዚህ እስካሁን አልተስማሙም። እኔ የማውቀው ሞተር ብቻውን መንገድ እንደማይወጣ ነው። ጎማ ያለው ይቀድማል። እህትሽ ፍቅርሽን ዘይት እየቀባች አስቀምጣው ይሆናል፤ ዝጎባትም ይሆናል፤ በሯን ሳታንኳኪ አታውቂውም። አንቺ ግን ልትጠይቂኝ ብለሽ እዚህ ድረስ መጥተሻል። ባለጎማዋ አንቺ ነሽ።»