ውሻው የሞተበት በር

ልጆች፣ ቀረብ በሉ። እንጨትም አውሬም እንደ ሰው ይናገር በነበረበት ዘመን፣ የአንድ በረት በር የሆነ ሽማግሌ ዋንዛ ነበር።

በሩ ዐይን የለውም። ከብቶቹ ከመስክ ሲመለሱ መከታ የሚባለው ውሻ አንድ በአንድ ያሸታቸውና «ይሄ የኛ ነው» ይላል። በሩም ይከፈታል። ያለ መከታ ቃል ላይከፈት ምሎ ነበር።

አንድ ቀን አብዛኞቹ ከብቶች ከገቡ በኋላ መከታን እባብ ነደፈውና ሞተ። በሩም የሚመሰክርለት አጣ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ከውጭ ድምፅ መጣ። «አባባ ዋንዛ፣ ይክፈቱልኝ። ጥጃው ነኝ፤ ጅብ እየመጣ ነው።»

«መከታ ‹የኛ ነው› ይበልና እከፍታለሁ።»

«መከታ እኮ ሞቷል።»

በሩ ይህን ያውቃል። ቢሆንም መሐላው ያዘው።

ከውስጥ ፍየል «ምን ያስጨንቅሃል? ለመጣው ሁሉ ክፈት» አለችው።

«ጅቡስ ቢመጣ?»

«እንግዲያው ለማንም አትክፈት» አለ አህያ።

«ታዲያ ጥጃው ይበላ?» አለ በሩ።

ይህን ጊዜ የጥጃው እናት ላሚቱ ተነሣች። «የወለድኩትን አሽትቼ መለየት አያቅተኝም። አፍንጫውን ወደ ስንጥቅህ ያስጠጋ።»

«መሐላዬስ?»

«የማልከው እኛን ልትጠብቅ አይደለም?»

«እንግዲያው ይቅረብ» አለ በሩ። ላሚቱ አሸተተችና «የኔ ነው» አለች። ጥጃው ገባ።

ከኋላው እናት የሌላት ግልገል መጣች። ላሚቱ አሽትታት «ይቺን አላውቃትም» አለች። ግልገሏ ብታሳዝናትም መዋሸት አልፈለገችም። ግልገሏን አሽትቶ የሚለያት መከታ ብቻ ነበር። የጅቡ ጩኸት ቀርቧል።

ጥጃው «አብረን ስንግጥ ነው የዋልነው። ዋስ እሆናታለሁ» አለ።

«ዋስ ከሆንክ ደፌ ላይ ቁም» አለ በሩ። «ከዋሸህ መጀመሪያ የምትበላው አንተ ነህ።»

ጥጃው ደፉ ላይ ቆመ። ግልገሏ በአጠገቡ ገባች፤ በሩም ተዘጋ።

ወዲያው ሦስተኛ ድምፅ መጣ፤ ለስላሳ ነው። «ጌታዬ፣ እኔም የዚሁ በረት ነኝ። ነፍሱን ይማረውና መከታ በደንብ ያውቀኝ ነበር።»

«መከታማ አይመሰክርም» አለ በሩ። «ውስጥ ካሉት ማን ያውቅሃል? ደፌ ላይ ማን ይቆምልሃል?»

ከበረቱ ውስጥ የተነሣ አልነበረም። ባለ ለስላሳው ድምፅ ጅቡ ነበርና ወደ መጣበት ተመለሰ።

ልጆቼ፣ የናንተ የሆነውን የሚለይላችሁ ሰው አንድ ቀን ይሞታል። ያን ቀን በራችሁን ለሁሉ አትበርግዱት፤ በሁሉም ላይ አትዝጉት። ሌላ የሚያውቅ ፈልጉ። የሚያውቀው ላጣ ደግሞ እናንተ ደፉ ላይ ቁሙለት።