የአዛዡ መሶብ

አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄህን ሰምቼዋለሁ፤ አትቸኩል፣ ቁጭ በል። «የኔታ፣ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ነው የቀረኝ። ያን ጊዜ ለእናቴም ለወዳጅ ዘመዴም እደርሳለሁ። እስከዚያ የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ እየላክሁላቸው ነው፤ ታዲያ ምን ጎደለ?» አልኸኝ። የጎደለውን እነግርሃለሁ። ሰዓትህን ግን ደጋግመህ አትይ፤ ያበሳጨኛል።

እናም አንድ ሰው ነበረ፤ የአንድ ትልቅ ጌታ አዛዥ። የጌታው ጎተራ፣ የጌታው ጓዳ፣ የጌታው ከብት ሁሉ በእሱ እጅ ነው። ቁልፉ ከወገቡ አይወርድም። እሱ ካላዘዘ ጠላ አይጠመቅም፤ እሱ ካላየ እህል አይሰፈርም። ሌባ አልነበረም፤ ሰነፍም አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ክፉ ሰው ነበረ ብለህ እንዳትጽናና ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ምሳሌው ላንተ አይሆንም ነበር።

ይህ አዛዥ በሰፈሩ የሚካኤል ማኅበር ነበረው። ማኅበርተኞቹ አብረውት ያደጉ ገበሬዎች ናቸው። በየወሩ በተራ ከአንዱ ቤት ይደገሳል፤ ቄሱ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ጠላው ይቀዳል፣ የተጣላ ይታረቃል። በመጨረሻም የሚቀጥለው ባለተራ ጽዋውን ተረክቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከማኅበር መቅረት ነውር ነው፤ ግድ ሆኖበት የቀረ ሰው ቃል ይልካል።

አዛዡ መጀመሪያ ሲቀር እውነትም ሥራ ይዞት ነበር፤ የጌታው እንግዶች መጥተው ነበር። ቃል ብቻ መላኩ አሳፈረውና መሶብ አስሞልቶ በአሽከር ላከ። ዶሮው ከነእንቁላሉ፣ ዳቦው እንደ ጋሻ የሰፋ። አሽከሩም «ጌታዬ ይቅርታ ይላሉ፤ ሥራ ይዟቸው ነው» አለ። ማኅበርተኞቹ ቀምሰው አመሰገኑ። እውነቱን ለመናገር፣ ወጡ ከእነሱ ቤት ወጥ ይጥም ነበር።

በሚቀጥለው ወርም መሶቡ መጣ። ከዚያ በኋላም እንዲሁ። መጀመሪያ መሶቡን በር አጠገብ ነበር የሚያስቀምጡት፤ እያደር ግን የሰውየውን ቦታ ባዶ ማየት ቢከብዳቸው እሱ ይቀመጥበት በነበረው መደብ ላይ አኖሩት። ዓመታት አለፉ። የሰፈሩ ልጆች «አዛዡ መጣ» ሲባል የሚሰሙት መሶቡ ሲገባ ስለነበር፣ አዛዥ የሚባለው መሶቡ ይመስላቸው ነበር። ትስቃለህ? ሳቅ። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ስቄ ነበር።

የእሱ ተራ ሲደርስ ደግሞ ሚስቱ ትደግሳለች፤ እሱ የለም። ባለቤቱ ወደሌለበት ቤት እንግዳ እስከ መቼ ይመላለሳል? ማኅበርተኞቹም ቀስ በቀስ መቅረት ጀመሩ። ዝም ብሎ መቅረት ያሳፍራልና እነሱም መሶብ ላኩ። ሚስቱ ይህን ነግራው ነበር። የነገረችው ግን አንድ እግሩ በበቅሎው እርካብ ላይ ሆኖ ነው፤ አልሰማትም።

ከማኅበርተኞቹ አንዱ ገበሬ የአዛዡ አብሮ አደግ ነበር። በልጅነታቸው አንዲት ቁራሽ ለሁለት ገምሰው የበሉ ናቸው። የዚህ ገበሬ ሚስት ሞተች። አዛዡ ሲሰማ አለቀሰ፤ ከልቡ አለቀሰ። ነገር ግን የጌታው ልጅ ሠርግ ደርሶ ስለነበር የሰባ ሰንጋ አስነድቶ ላከ። ገበሬው ከለቅሶው ዳስ ወጥቶ ሰንጋውን አየና ለነጂው «በሬስ እኔም አለኝ። እሱን ነበር የፈለግሁት» አለው። ነጂው ቃሉን አደረሰ። አዛዡ ለጊዜው ደንገጥ አለ፤ ቀጥሎም «ግድ የለም፤ ሥራዬን ሳስረክብ እክሰዋለሁ» አለ። ልክ አንተ እንዳልኸው።

የማይደርስ የለምና ጊዜው ደረሰ። ጠጉሩ ሸበተ፣ ዓይኑ ደከመ። ጌታው «ደክመሃል፤ ከእንግዲህ እረፍ» ብሎ በቅሎና ካባ ሸልሞ አሰናበተው። ቁልፉን ሲያስረክብ ወገቡ ቀለለው። በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ልጅ ሆነ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ተነሣ፤ ማንም አልጠራውም። የጧት ብርሃን በቤቱ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚገባ አየ፤ ያን ያህል ዘመን በዚያ ቤት ሲያድር አያውቀውም ነበር። ደጃፉ ካለው ዋንዛ ሥር ተቀምጦ ጥርሱን እየፋቀ አላፊ አግዳሚውን ተመለከተ። ሚስቱን ጠርቶ «ለካ ቀን እንዲህ ረጅም ኖሯል!» አላት። ደስ ብሎት ነበር። ደስታውን አልንቅበትም፤ ለፍቶ ያገኘው ነው።

ደስታውን ለብቻው ማቆየት አልፈለገም። የማኅበሩ ተራ ደርሶት ነበርና «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል። የዘንድሮውን ሚካኤል እኔው ራሴ ነኝ የማስተናግደው» አለ።

ሚስቱ ትኩር ብላ አየችው። «ትንሽ ዳቦ ይበቃል» አለችው።

«ምን ነካሽ? ማኅበሩ ሁሉ ይመጣል እኮ!»

እሷም ለትንሽ ዳቦ የሚሆን ዱቄት ልትሰፍር ወደ ጓዳ ገባች።

በግ አረደ። አዲስ ቄጠማ በገዛ እጁ ጎዘጎዘ። ለአብሮ አደጉ ከጎኑ ቦታ ለይቶ ቁርበት አነጠፈለት፤ ስለቀረበት ለቅሶ ምን ብሎ ይቅርታ እንደሚጠይቀው ሌሊቱን ሲያስብበት አድሯል። ከዚያ ነጭ ጋቢውን ለብሶ በሩ ላይ ቆመ። ቄሱም መጥተው ሰው እስኪሟላ ይጠብቁ ጀመር።

መጀመሪያ አንዲት ሴት መሶብ ተሸክማ መጣች። «ባለቤቴ ይቅርታ ይላሉ፤ ሥራ ይዟቸው ነው» አለች። ቀጥሎ አንድ ጎልማሳ መሶብ ይዞ መጣ። «አባቴ ይቅርታ ይላሉ።» ከዚያ ሌላ መሶብ፤ ከዚያም ሌላ። ጽዋውን የሚረከበው ባለተራ እንኳ የእኅቱን ልጅ ነበር የላከው። በመጨረሻ የአብሮ አደጉ ልጅ መጣች። እናቷ ስትቀበር ያልቆመላት ልጅ ትልቅ ሴት ሆናለች፤ ማን እንደሆነች ካልነገረችው አያውቃትም ነበር።

መሶቡን እንዳወረደች «አባትሽስ?» አላት።

«ደህና ናቸው።»

«ምን ሥራ ይዞት ነው?»

ሴትዮዋ ውሸት አልሆነላትም። «ሥራስ የለባቸውም። ደጅ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።»

«ተቀይሞኝ ነው?»

«ኧረ የለም! በምን ይቀየማሉ? የአዛዡ ቤት ማኅበር በመሶብ ነው ሲባል ነው የማውቀው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ምነው፣ አጠፋን እንዴ?»

ይህ ነው የገደለው። ቂም ቢሆን ሽማግሌ ይላካል፤ ድንጋይ ተሸክሞም ቢሆን ይቅርታ ይለመናል። የተቀየመህ ሰው እኮ ያስብሃል። እነዚህ ግን አልተቀየሙም፤ ለምደውት ነበር።

ወደ ቤት ገባ። መሶቦቹ በመደቡ ዙሪያ በየማኅበርተኛው ቦታ ተቀምጠዋል። ሚስቱ ናት ያስቀመጠቻቸው፤ እጇ ለምዷል። ቄሱ እንደ ወትሮው ባርከው፣ ቀምሰው ሄዱ። አዛዡ ቁርበቱ ላይ የተቀመጠውን መሶብ ከፈተ። ዳቦ ነበረበት፤ ጥሩ ዳቦ።

«እሱን ነበር የፈለግሁት» አለ።

ሚስቱ ሰማችው። «እሱም እንዲሁ ብሎ ነበር» አለችና ዕቃ ልታጥብ ወጣች።

በማግሥቱ ወደ አብሮ አደጉ ቤት ሄደ አሉ። ገበሬው ብድግ ብሎ ተቀበለው፤ «ይግቡ ጌታዬ» ብሎ ከፍ ያለውን ቦታ ለቀቀለት። ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ። ስለ በቅሎው ተነጋገሩ። አዛዡ ሌሊት ያሰበውን ይቅርታ ቢጠይቀው ገበሬው «ኧረ እሱማ ቆየ፤ ሰንጋው ደርሶናል» አለው። ከዚያ ወዲያ ወሬ አለቀ። አዛዡ ወደ ዋንዛው ተመለሰ፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ጊዜ ሞልቶት ነበር።

እሱ እዚያው ይቀመጥ፤ አሁን ወዳንተ ልመለስ። አዛዡ አንተ ነህ። እናትህ ከዚህ ደብር ማዶ ናቸው። ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ መድኃኒቱ በሾፌርህ እጅ በየወሩ ይመጣላቸዋል፤ ተጓድሎ አያውቅም። አገሩ ሁሉ ያመሰግንሃል። እኔ አላመሰግንህም፤ የላክኸው መሶብ ነው። ዛሬ እንኳ ወደ እኔ ስትመጣ በደጃቸው አልፈህ ነው የመጣኸው። «ስመለስ እገባለሁ» ብለህ ይሆናል፤ ስትመለስ ደግሞ ይመሽብሃል። ጡረታ ጊዜ ይሰጥሃል፤ ይሰጥህ፣ ይባርክልህም። በዚያ ጊዜ አብሮህ የሚቀመጠውን ሰው ግን አይሰጥህም። እሱን ዛሬ ነው የምታቆየው።

ሂድ እንግዲህ። ምንም ሳትይዝ ሂድ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በሩን ስታንኳኳ ሾፌሩ መስለሃቸው «እዚያ ጥጉ ላይ አስቀምጠው፣ ልጄ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ቢሉህ አትቆጣቸው። ያስለመድሃቸው አንተ ነህ።