መውረድ የተከለከለበት መንገድ

አንዲት እናት ነበሩ። አዳማ የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ያሏቸው እናት። እኚህ እናት አንድ ቀን ማለዳ ተነሥተው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «አንበሳ ማየት አማረኝ!»

በዚህ ዕድሜያቸው! ጉልበታቸውን እያመማቸው፣ ደረጃ መውጣት እንኳ እያቃታቸው፣ አንበሳ! ጎረቤት ሳቀ። «ኧረ እማማ፣ በቴሌቪዥን ይዩት» አላቸው። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች።

እውነቱን ልንገራችሁ? አንበሳ አላማራቸውም። ያማራቸው ሌላ ነው። ትልቁ ልጃቸው ይርዳውና ታናሹ ሚልኪያስ ከአባታቸው ቀብር ወዲህ ተኳርፈዋል። ሚልኪያስ አባቱ ሲቀበር አልተገኘም። ይርዳውም «አባቱን ያልቀበረ ወንድሜ አይደለም» ብሎ ማለ። ሽማግሌ ተላከ፤ ይርዳው ብድግ ብሎ ወጣ። የንስሐ አባት ተጠሩ፤ አሁንም ብድግ ብሎ ወጣ። የባላቸው ሙት ዓመት ደግሞ ደርሷል። «አንዱ ልጄ ድንኳን ውስጥ፣ አንዱ ልጄ የትም ሆኖ፣ እንዴት አድርጌ ነው ሙት ዓመት የማወጣው?» እያሉ ለብቻቸው ያለቅሳሉ።

ስለዚህ ይርዳውን «አዋሽ ፓርክ ውሰደኝ» አሉት። መተሐራ የሚሠራውን ሚልኪያስን ደግሞ «ፓርኩ መግቢያ ላይ ጠብቀኝ» አሉት። ለአንዱም ስለ ሌላው ትንፍሽ አላሉም። ለዚች ተንኮል፣ ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው። እኔ ግን ወድጄላቸዋለሁ።

መኪናው የኪራይ ነው፣ ከነሹፌሩ። እናት ፊት ተቀምጠዋል፣ ይርዳው ከኋላ። መግቢያው ላይ ጠባቂው «ከዚህ ወዲያ ከመኪና መውረድ ክልክል ነው፤ አውሬ አለ» ብሎ አስጠነቀቃቸው። ያኔ ሚልኪያስ መጥቶ የኋላውን በር ከፈተ። ወንድሙን ሲያይ ክው ብሎ ቀረ።

«ግባ እንጂ! አቧራውን አስገባህብን እኮ!» አሉት እናት።

ገባ። መኪናው ተንቀሳቀሰ።

«ያውላችሁ ሳላ! ቀንዱን እዩልኝ!» ይላል ሹፌሩ። ማን ይይለት? አንዱ በግራ መስኮት አፍጥጧል፣ ሌላው በቀኝ መስኮት። ሳላው ፊት ለፊት መንገዱ ላይ ቆሞ እነሱን ያያል። ሰጎን አለፈች፣ ከርከሮ ከነልጆቹ አለፈ።

በመጨረሻ ይርዳው አልቻለም። የበሩን መክፈቻ ያዘና «አቁምልኝ፣ እወርዳለሁ» አለ።

«እዚህ? ኧረ ጋሼ! ትናንት እኮ እዚያ ቁጥቋጦ ሥር አንበሳ ተኝቶ ነበር።»

«ይብላኝ!»

እናት ዘወር አሉ። «ውረድ የኔ ጌታ፣ ማን ከለከለህ። ለምን እዚህ እንዳመጣኋችሁ አሁን ገባህ? ሌላ ቦታ ባስቀምጣችሁ በር ከፍተህ ትሄዳለህ። እዚህ አንበሳ አለልኝ። ግን ከመውረድህ በፊት ወንድምህን አንዴ፣ አንዴ ብቻ ጠይቀው። ዓመት ሙሉ ሰደብከው እንጂ ጠይቀኸው አታውቅም። መልሱን ስማና ውረድ። ከበላህም አለቅስልሃለሁ።»

ሹፌሩ ሳቁን ዋጠ። ይርዳው እጁን ከመክፈቻው ሳያነሣ፣ ፊቱንም ሳያዞር ጠየቀ።

«አባባ ሲቀበር የት ነበርክ?»

ሚልኪያስ «እዚያው ነበርኩ» አለ።

«የት እዚያው?»

«ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ መኪና ውስጥ። ከአባባ ጋር በስልክ ተጣልተን ነበር፤ ይቅርታ ሳልጠይቀው ሞተብኝ። ለቅሶውን ስሰማ፣ ምን ዓይነት ፊት ይዤ ነው ሬሳው አጠገብ የምቆመው አልኩ። በሩን ከፍቼ መውረድ አቃተኝ። ሰው ሁሉ እስኪበተን እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።»

ይርዳው ቀስ ብሎ ዞረ። «መኪናዋ ነጭ ናት?»

«ነጭ ናት። የጓደኛዬ ናት።»

«ግራሩ ጥግ የቆመችው?»

«አዎ።»

ይርዳው እጁን ከበሩ አነሣ። «አይቻታለሁ። አንገቱን የደፋ ሰው ነበረባት። ማን ይሆን እንኳ ሳልል አልፌያት ሄድኩ።»

ሚልኪያስ ምን ብሎ መለሰለት? «መስኮቱን ብታንኳኳልኝ ኖሮ እወርድ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የኋላው ወንበር ላይ የሆነውን አልነግራችሁም፤ ወንድም ያለው ያውቀዋል። እናት እንኳ ዞረው አላዩም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መንገዱን ብቻ ያያሉ። ሹፌሩ «እማማ፣ አንበሳውን እንፈልግልዎ?» አላቸው።

«ተወው ይተኛ። እኔ የመጣሁበትን አግኝቻለሁ» አሉ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? እጃችሁ የበር መክፈቻ ላይ አይደለም? ወንድማችሁ ሊናገር አፉን ሲከፍት ብድግ ብላችሁ የምትወጡት ስንቶቻችሁ ናችሁ? «አልመጣም፣ ረሳኝ፣ ናቀኝ» የምትሉት ያ ሰው፣ እውነት ሳይመጣ ቀርቶ ነው? ወይስ ደጃችሁ ደርሶ መግባት አቅቶት? ፈርዳችሁበታል። ጠይቃችሁታል ወይ? ፈርዳችሁበታል እንጂ ጠይቃችሁታል ወይ?

ይርዳው ወንድሙን ዓመት ሙሉ ያጣው በአንድ መስታወት ነው። በመካከላቸው ባሕር አልነበረም፣ ተራራም አልነበረም። አንድ መስታወት! እኛ በኃጢአታችን አፍረን፣ በራችንን ዘግተን፣ አንገታችንን ደፍተን ስንቀመጥ እግዚአብሔር አይቶ አለፈን? አላለፈንም። ቆሞ አንኳኳልን። ስንት ጊዜ እንዳንኳኳ ደግሞ እናንተው ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አጥሩ ሥር ዓይናችሁን ጣል አድርጉ። እኛ እዚህ ስንዘምር በር ድረስ መጥቶ፣ መግባት አፍሮ የተቀመጠ ሰው አይጠፋም። ማን ያውቃል፣ የእናንተው ወንድም ይሆናል። አትለፉት። አንኳኩለት።