የእግዜር መንገድና የኢንጂነሩ መንገድ

ከአውሮፓ የተመለሰ ሰው ሻንጣው ይዘገያል እንጂ ወሬው አይዘገይም። የከተማው የመንገድ ሥራ ኃላፊ ኢንጂነር ልሳነወርቅ ከሥልጠና በተመለሱ ዕለት፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሊያመጣቸው የሄደው መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረና በጋሪ ተሳፈሩ። ባለጋሪው ምላሱ ከጅራፉ ይልቅ የሚለበልብ ሰው ነው፤ ያን ዕለት ግን ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ከጉድጓድ ጉድጓድ እያማረጠ ይነዳል።

«እኔ እኮ በኦስትሪያ ከሊንዝ ከተማ እስከ ግራዝ ከተማ የበረርኩ ሰው ነኝ!» አሉ ኢንጂነሩ፣ በአንድ እጃቸው ባርኔጣቸውን በሌላው ጋሪውን ጨብጠው። «ስንት ተራራ በመካከል እያለ፣ ቀበቶዬን አስሬ ሳልጨርስ ‹ደርሰናል፣ ፍቱ› ተባልን። አንተ ድንጋይ ቢወረወር ለሚደርስ ቦታ ግማሽ ቀን ታንፏቅቀኛለህ! በል ምክንያትህን ተናገር፤ አለዚያ ከነገ ጀምሮ ጋሪህ እዚህ ከተማ ዝር አይልም!»

ባለጋሪው ልጆቹ ጦም እንዳያድሩ ፈራ። ፈረሱ ልጓም ቢኖረውም ምላሱ ግን ልጓም አልነበረውም።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ» አለ ወደ ኋላ ዞር ብሎ። «የዚያ አገሩ መንገድ አየር ነው፤ የሠራው እግዜር ነው። ይሄኛውን ግን ሪባን ቆርጠው ያስመረቁልን እርስዎ ነዎት።»