በቀኝ ጆሮ የተነበበው ኑዛዜ

እመት አሰገደች ከአንዲት ጥጥ ፈታይ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ሃያ ዓመት፣ አይ ተሳሳትሁ፣ ሠላሳ ዓመት ኖሩ። በእርጅና አልጋ ሲይዙ የወንድማቸው ልጅ ፊታውራሪ ደምሳሽ፣ የአክስታቸውን ቤት ለራሳቸው የሚያወርስ ኑዛዜ አስጽፈው ከአራት ምስክሮች ጋር መጡ። ወረቀቱንም ወደ አሮጊቷ ቀኝ ጆሮ ተጠግተው በለሆሳስ አነበቡት። አሮጊቷ ዝም አሉ።

«ዝም ካሉ ተስማምተዋል፤ ፈርሙ!» አሉ ፊታውራሪው።

ከቤት መውጣቷ እንደሆነ የገባት ፈታይ «ትንሽ ይታገሡ» ብትላቸው፣ «ደግሞ አንቺ ምናቸው ነሽ? እኅት አይደለሽ፣ ልጅ አይደለሽ!» ብለው አፈጠጡባት።

«እውነት ነው ጌታዬ፣ የሥጋ ዘመዳቸው እርስዎ ነዎት። እኔ የማውቀው ያ ጆሯቸው መስማት ካቆመ አሥር ዓመት እንዳለፈው ብቻ ነው። እባክዎ ወዲህ ይዙሩና በግራቸው ጮክ ብለው ያንብቡላቸው፤ መልሳቸውን አብረን እንስማ።»